ከምድር ባቡር ጸሐፊነት እስከ ባርቼቮ ወኅኒ ቤት፤ የኤሪኽ ኮኽ ታሪክ

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንማር የሒትለርን፥ የጌሪንግንና የሂምለርን ስም ደጋግመን እንሰማለን። ነገር ግን ሒትለር በርሊን ተቀምጦ የሚያወጣውን ትእዛዝ በየአውራጃውና በየመንደሩ ይፈጽሙለት የነበሩት ሹማምንት እነማን እንደ ነበሩ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንድ መንደር እንኳ ሊያቃጥል አይችልም፤ ክብሪቱን የሚያቀብለው፥ መንገዱን የሚያሳየው፥ ከተቃጠለም በኋላ ሪፖርቱን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚያ ሹማምንት የአንዱን፥ የምሥራቅ ፕሩሲያውን ገዥ የኤሪኽ ኮኽን ታሪክ ለማቅረብ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ስለ ሹመቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የናዚ ፓርቲ የጀርመንን አገር «ጋው» በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎት ነበር፤ አባቶቻችን ጠቅላይ ግዛት ይሉት ከነበረው ጋር ልናመሳስለው እንችላለን። በጦርነቱ ዘመን ቍጥራቸው አርባ ያህል ነበረ። በእያንዳንዱ ጋው ላይ የሚሾመው የፓርቲ አለቃ «ጋውላይተር» ይባላል። ጋውላይተሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ሒትለር ብቻ ሲሆን፥ በመካከላቸው ገብቶ የሚቈጣጠር ሸንጎም ሆነ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሒትለር በ1933 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ጋውላይተሮች የመንግሥቱን የአገር ገዥነት ሹመት ደርበው ስለ ያዙ፥ የፓርቲው ከረጢትና የመንግሥቱ ከረጢት በአንድ እጅ ገባ። የኮኽን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ነገር ባይዘነጋ መልካም ነው።

ኤሪኽ ኮኽ ሰኔ 19 ቀን 1896 በምዕራብ ጀርመን ኤልበርፌልድ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሠራተኞች አለቃ ነበረ። ልጁም የንግድ ሥራ ትምህርት ተምሮ በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ፤ የተለየ ጀብዱ ሠራ የሚል ነገር በታሪኩ ውስጥ አይገኝም። ጀርመን ድል ከሆነች በኋላ በ1922 ወደ ናዚ ፓርቲ ገባ። በ1923 ፈረንሳውያን የሩርን የከሰል ድንጋይ አገር በያዙ ጊዜ በእነሱ ላይ ከተነሡት ሰዎች ጋር ሆኖ ስለ ተገኘ ታሰረ። በ1926 በፖለቲካ ሥራው ምክንያት ከምድር ባቡሩ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ እንጀራው ፓርቲው ብቻ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ኮኽ የግሬጎር ሽትራሰር ወገን ነበረ። ይህ ወገን በፓርቲው ውስጥ የሠራተኛውን ጥቅም አስቀድማለሁ የሚል፥ ባለጠጎችንና ባላባቶችን የሚነቅፍ ነበረ። ኮኽም የሠራተኛ ልጅ ነኝ እያለ ይናገር ነበር። የኋላ ኑሮውን ስናይ ግን ባላባቶችን የጠላቸው የያዙትን መሬት እሱ ስላልያዘው ይመስለኛል።

በ1928 የፓርቲው ጋውላይተር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ፕሩሲያ ተላከ። ምሥራቅ ፕሩሲያ ከባልቲክ ባሕር ዳር ያለች፥ ከቬርሳይ ውል በኋላ በፖላንድ መሬት ምክንያት ከቀረው ጀርመን ተለይታ ለብቻዋ የቀረች አገር ነበረች። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን፥ አብዛኛው ገበሬ ነው። ዋና ከተማዋ ኬኒግስበርግ የታላቁ ፈላስፋ የካንት ከተማ ናት፤ በ1724 እዚያው ተወልዶ፥ በ1804 እዚያው ሞቶ፥ መቃብሩም በካቴድራሉ አጠገብ ነው። የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው በዕዳ የተያዘበት ጊዜ ነበረና፥ ኮኽ ለሚዘራው ዘር መሬቱ ለስልሶ ቈየው። በ1928 ምርጫ የናዚ ፓርቲ በዚያ አገር ከመቶ አንድ ድምፅ እንኳ አላገኘም ነበር። በ1930 ከመቶ 22.5 አገኘ። በሐምሌ 1932 ከመቶ 47.1 አገኘ። በመጋቢት 1933 ደግሞ ከመቶ 56.5 ሲያገኝ፥ በጀርመን የምርጫ ክልሎች ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም።

ይህ ሁሉ በንግግር ብቻ የተገኘ አይደለም። ከሐምሌው የ1932 ምርጫ ማግሥት፥ ነሐሴ 1 ቀን ሲነጋ፥ ቡናማ ሸሚዝ የለበሱት የፓርቲው ጭፍሮች በኬኒግስበርግ ተቃዋሚዎቻቸውን በየቤታቸው እየገቡ በሽጕጥና በእሳት አጠቁ። በአገሩ ላይ ገና ሕግና ፖሊስ ሳለ ይህን ያደረጉ ሰዎች፥ ፖሊሱ ራሱ የእነሱ ሲሆን ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያዳግትም ነበር።

በ1933 ኮኽ የምሥራቅ ፕሩሲያ አገረ ገዥ ተባለ። በዚያው ዓመት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የክፍለ ሀገር ሲኖዶስም ሊቀ መንበር አድርጎ መረጠው። እንዲህ ያለው ሰው በሲኖዶስ ወንበር መቀመጡ የዘመኑን ግራ መጋባት ያሳያል። ወዲያውም በሐምሌ ወር፥ በግዛቴ ውስጥ አንድም ሥራ ፈት የለም ሲል ለሒትለር ቴሌግራም ላከ። ጋዜጦችም «የኮኽ ፕላን» እያሉ አሞገሱት። ሥራ ፈቶቹ በብዛት ወደ እርሻና ወደ መንገድ ሥራ ካምፕ ተልከው ነበርና፥ መዝገቡ ባዶ ሆነ ማለት ሰው ሁሉ ኑሮው ተቃና ማለት አልነበረም።

በዚህ መካከል በራሱ ስም «የኤሪኽ ኮኽ ድርጅት» የተባለ የበጎ አድራጎት ተቋም አቋቋመ። ስሙ በጎ አድራጎት ይሁን እንጂ፥ ሥራው ጋዜጦችን፥ ፋብሪካዎችንና ርስቶችን እየጠቀለለ መያዝ ነበረ። ሳይሸጥ የቀረ ባለ ንብረት ቢኖር እንዲሸጥ የሚያደርገው መንገድ አይጠፋም ነበር። ስለ ጉቦውና ስለ ዝርፊያው የቀረበው ክስ እጅግ ስለ በዛ በ1935 መጨረሻ ከአገረ ገዥነቱ ታገደ። ሆኖም ጌሪንግ ስለ ረዳው፥ ሒትለርም ስላልተወው፥ ብዙ ሳይቈይ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የከሰሱት ሰዎች ግን ወደ ነበሩበት አልተመለሱም። በእኔ አስተያየት የሰውየው መንገድ የተቈረጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ምንም ቢያደርግ የሚጠይቀው እንደሌለ በሚገባ ዐወቀ።

በኅዳር 1938 የኬኒግስበርግ አዲሱ ምኵራብ ተቃጠለ። በ1939 ጀርመን ፖላንድን በወረረች ጊዜ የቼኻኑፍ አውራጃ ከምሥራቅ ፕሩሲያ ጋር ተቀላቅሎ ለኮኽ ተሰጠው። እሱም በዚያ ክራስኔ በተባለው ቦታ የነበረውን የባላባት ርስት ወስዶ ለራሱ ቤተ መንግሥት አሠራበት። የባላባት ጠላት ነኝ ይል የነበረው የባቡር ጸሐፊ እዚህ ደረሰ። በ1940 በግንቦትና በሰኔ ወር ከምሥራቅ ፕሩሲያ ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 1558 የአእምሮ ሕመምተኞች ዞልዳው በሚባለው ሰፈር አጠገብ በመርዝ ጋዝ ተገደሉ። እነዚህ የጠላት ዜጎች አልነበሩም፤ የራሱ ግዛት ሰዎች፥ የጀርመን እናቶች ልጆች ነበሩ። በሰኔ 1942 ደግሞ ከአራት መቶ የሚበልጡ የኬኒግስበርግ አይሁድ በባቡር ተጭነው ሚንስክ አጠገብ ወዳለው ወደ ማሊ ትሮስቴኔትስ ተወስደው ተፈጁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል ደርሰናል። በሰኔ 1941 ሒትለር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። በነሐሴ ወር የቢያሊስቶክ አውራጃ ለኮኽ ተሰጠ። በመስከረም 1941 ደግሞ በዩክሬን ላይ የመንግሥቱ ኮሚሳር ሆኖ ተሾመ። በእጁ የገባው ምድር በሰፋበት ጊዜ 340,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በላዩ የሚኖረው ሕዝብ 17 ሚሊዮን ገደማ ነበረ። የምሥራቅ ፕሩሲያን ሹመቱንም አልለቀቀም። ስለዚህ ከባልቲክ ባሕር ተነሥቶ ወደ ጥቁር ባሕር የሚወርድ ሰፊ ምድር በአንድ የቀድሞ ጸሐፊ ቃል የሚተዳደር ሆነ። መቀመጫውን በታላቂቱ ከተማ በኪየቭ አላደረገም፤ ሮቭኖ የምትባለውን ትንሽ ከተማ መረጠ። እዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይገኝም ነበር፤ በኬኒግስበርግ አጠገብ ባለው ርስቱ ተቀምጦ በወኪሎቹ በኩል ይገዛ ነበር።

የበላዩ ተብሎ የተሾመው የምሥራቅ አገሮች ሚኒስትር አልፍሬድ ሮዘንበርግ ነበረ። ሮዘንበርግም ናዚ ነው፤ ስለ አይሁድ ያለው ሐሳብ ከኮኽ አይሻልም። ይሁን እንጂ ዩክሬናውያንን በመጠኑ ብንይዛቸው በሩሲያ ላይ ያግዙናል ብሎ ያስብ ነበር። ኮኽ ግን ይህን ሁሉ እንደ ተረት ቈጠረው። ለእሱ ዩክሬን ስንዴ፥ ከብትና የጕልበት ሥራ ማለት ነበረ። በመጋቢት 1943 በኪየቭ ባደረገው ንግግር፥ ከጀርመን የመጨረሻው ዝቅተኛ ሠራተኛ እንኳ ከዚህ አገር ሕዝብ ሺሕ ጊዜ ይበልጣል ብሎ ለሹማምንቱ አስታወቀ። የንግግሩ ቃል ተጽፎ ስለ ቀረ፥ ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ ችሎት ከማስረጃዎቹ አንዱ ሆነ።

የሮቭኖ አይሁድ ዕጣቸው ፈጥኖ ወጣ። በኅዳር 1941፥ ኮኽ ሥራውን በጀመረ በሦስተኛው ወር፥ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሶሴንኪ ጫካ ከ17,000 የማያንሱ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የቀሩት በሐምሌ 1942 ተገደሉ። በግዛቱ ሁሉ የሞቱት አይሁድ ቍጥር በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ነው። ተኳሾቹ በሂምለር ሥር ያሉ የኤስ ኤስና የፖሊስ ወታደሮች ነበሩ፤ ቤቱን የሚመዘግበው፥ ንብረቱን የሚወርሰው፥ ሰፈሩን የሚያጥረው ግን የኮኽ አስተዳደር ነበረ።

ወጣቶች በገፍ እየታፈሱ ወደ ጀርመን ፋብሪካና እርሻ ይጋዙ ነበር። ከዩክሬን ምድር በጠቅላላው የተወሰደው ሰው ሁለት ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ለዚህ ሥራ በ1942 የተሾመው ፍሪትስ ዛውክል ራሱ የቱሪንጊያ ጋውላይተር የነበረ ሲሆን፥ ስለዚሁ ጥፋቱ ተፈርዶበት በጥቅምት 1946 በኑረምበርግ ተሰቅሏል። ሰው አልሰጥም ያለ መንደር ይቃጠል ነበር። በሕዝብ ፊት በዱላ መግረፍም የዘወትር ቅጣት ሆነ።

እኔን እንደ ተማሪነቴ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ትእዛዝ ነው። በ1942 መጀመሪያ በኮኽ ግዛት ውስጥ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተደረገ። የዩኒቨርሲቲዎቹም በር ተዘጋ፤ ከጥቂት የእጅ ሥራ ማስተማሪያዎች በቀር ለትልልቅ ልጆች የተረፈ ነገር የለም። ሐሳቡ ግልጥ ነው፤ ማንበብና መቍጠር የሚችል፥ ከዚያ የበለጠ የማይጠይቅ ሠራተኛ ማውጣት ነው። በዓሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ፊት የነበሩት መንገዶች ሁለት ያህል ነበሩ፤ ወደ እርሻው ወይም ወደ ጀርመን የሚሄደው ባቡር። ይህን መጽሔት የምናነብ ተማሪዎች ከአራተኛ ክፍል ወዲህ የተማርነውን ሁሉ ከራሳችን ላይ ቀንሰን የሚቀረውን ብናይ፥ ትእዛዙ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባናል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የአደን ታሪክ አለ። ጹማን በተባለው ስፍራ ሰፊ ጫካ ነበረ። ኮኽ ይህን ጫካ ለአደኑ ፈለገው። በ1942 መጨረሻ፥ በክረምት፥ በጫካው ዙሪያ ያሉት መንደሮች ነዋሪዎች እንዲነሡ ተደረገ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችም ተገደሉ። የተሰጠው ምክንያት ሽፍቶችን ይረዳሉ የሚል ነበር። ይህን ከጠላት ወገን የመጣ ወሬ ነው እንዳንል፥ በሚያዝያ 1943 ለሂምለር የአቤቱታ ደብዳቤ የጻፈው ራሱ ሮዘንበርግ ነው። ሰዎቹ የሞቱት ለአደን ቦታ ተብሎ ነው ሲሉ ሰዎች ነግረውኛል ብሎ ጽፏል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ በኑረምበርግ ሰነዶች መካከል ይገኛል።

የሁለቱ ጠብ በግንቦት 1943 ሒትለር ፊት ቀረበ። ሮዘንበርግ ሚኒስትር፥ ኮኽ ከበታቹ ያለ ሹም ነው፤ ነገር ግን ሒትለር ለኮኽ ፈረደ። ሚኒስትሩ ማኅተሙን ይዞ ቀረ፤ ሥልጣኑ ግን ከእጁ ወጣ። የናዚ መንግሥት ሥርዓትና ደንብ የሚወድ መንግሥት ነበረ ሲባል እንሰማለን። ይህን የመሰለውን ነገር ያየ ሰው ግን ደንቡ ለታናናሾች ብቻ መሆኑን ይረዳል።

ጦርነቱ ግን ዞረ። ከ1943 መከር ጀምሮ ቀዩ ጦር ዩክሬንን እያስለቀቀ ሲመጣ፥ በ1944 የኮኽ ግዛት ካርታ ላይ ብቻ ቀረ። እሱም ወደ ምሥራቅ ፕሩሲያው ተመለሰ። በነሐሴ 1944 መጨረሻ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ኬኒግስበርግን በሁለት ሌሊት ደብድበው የጥንቱን ከተማ አመድ አደረጉት። ኮኽ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ አስወጥቶ በድንበሩ ላይ ምሽግ አስቈፈረ፤ ሽማግሌዎችንና ልጆችን «ፎልክስሽቱርም» በሚባለው የሕዝብ ጦር ውስጥ አስገባ። ሕዝቡ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ እንዲሸሽ የጦር መኰንኖች ሲለምኑት ግን አልፈቀደም። ጓዙን የጫነ ሰው በድል የማያምን ከሐዲ ተብሎ ይቀጣ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1945 የሩሲያ ጦር ማጥቃት ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሥራቅ ፕሩሲያ ከጀርመን ተቈርጣ ቀረች። መሸሽ የሚቻልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ በድንገት ሸሸ። በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ እናቶች፥ ሕፃናትና አረጋውያን ጋሪዎቻቸውን እየጐተቱ ፍሪሽስ ሃፍ የሚባለውን ሰርጥ በረጋው በረዶ ላይ ተሻገሩ። በረዶው ሲሰነጠቅ ጋሪውም ፈረሱም ሰውም አብሮ ይሰምጥ ነበር። ጥር 30 ቀን ስደተኞችን የጫነችው ቪልሄልም ጉስትሎፍ የተባለች መርከብ በሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ዘጠኝ ሺሕ ያህል ሰው እንደ ጠፋ ይገመታል። በማግሥቱ ሌሊት ፓልምኒከን በተባለው ባሕር ዳር፥ ከሽቱትሆፍ ካምፕ ቅርንጫፎች እየተነዱ የመጡ፥ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሦስት ሺሕ ያህል አይሁድ ወደ በረዷማው ባሕር እየተገፉ በጥይት ተገደሉ።

ኮኽስ የት ነበረ? በጥር መጨረሻ ከኬኒግስበርግ ወጥቶ በፒላው ወደብ አጠገብ በተሠራለት ምሽግ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሆኖ እስከ መጨረሻው እንዋጋለን የሚል ቴሌግራም ወደ በርሊን ይልክ ነበር። በከተማው ውስጥ የቀረው ጄኔራል ኦቶ ላሽ ሚያዝያ 9 ቀን እጁን ሰጠ። ኮኽም ወዲያው፥ እኔ ለጥቂት ጊዜ በሌለሁበት ጄኔራሉ በፍርሃት ከተማዋን አስረከበ ብሎ ከሰሰው። ሒትለር በላሽ ላይ የሞት ፍርድ ፈረደበት፤ ቤተ ሰቡም ታሰሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሳሹ ራሱ «ኦስትፕሮይሰን» በተባለች በረዶ ሰባሪ መርከብ ተሳፍሮ በባሕር ወደ ምዕራብ ኰበለለ።

ከዚያ አራት ዓመት ጠፋ። ሮልፍ ቤርገር የሚል ስም አውጥቶ በሰሜን ጀርመን በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ገጠር እንደ ማንኛውም ስደተኛ ይኖር ነበር። በዙሪያው የነበሩት ስደተኞች ብዙዎቹ እሱ አትሽሹ ብሎ ያስቀራቸው ሰዎች መሆናቸውን ስናስብ፥ በመካከላቸው አንገቱን ደፍቶ መኖሩ ይገርማል። በግንቦት 1949 እንግሊዞች ያዙት። ሶቪየቶችም ፖላንዶችም ይሰጠን ብለው ጠየቁ፤ በ1950 ለፖላንድ ተሰጠ።

ችሎት የቀረበው ግን በጥቅምት 1958 ነው። በዋርሳው ፍርድ ቤት ፊት የቆመው የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው በሽተኛ ነኝ እያለ፥ ስለ ግድያው አላውቅም፥ ያደረገው የሂምለር ፖሊስ ነው እያለ ተከራከረ። ይህ ክርክር በከፊል እውነትን የተጠጋ በመሆኑ የሚያሳስት ነው፤ ፖሊሱ በእርግጥ የሂምለር ነበረ። ነገር ግን በ1943 ሚኒስትሩን ያሸነፈ፥ በግዛቴ ከእኔ በላይ ማንም የለም ሲል የኖረ ሰው፥ በ1958 ሲጠየቅ አንድም ትእዛዝ ያልሰጠ ሰው መሆኑ አይታመንም። ዳኞቹም አላመኑትም። መጋቢት 9 ቀን 1959 በአራት መቶ ሺሕ ፖላንዳውያን ሞት ተካፋይ ነው ተብሎ ሞት ተፈረደበት።

ፍርዱ አልተፈጸመም። በሽተኛን ሰው መስቀል በፖላንድ ሕግ ስለማይፈቀድ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ስለ ዩክሬን ደግሞ በየትም ፍርድ ቤት ተጠይቆ አያውቅም። የሮቭኖ ጫካ፥ የጹማን መንደሮች፥ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከክሱ ውጭ ቀሩ። አንዳንድ ሰዎች ነፍሱ የተረፈችው ስለ አምበር ክፍል የሚያውቀው ምስጢር ስለ ነበረ ነው ይላሉ። የአምበር ክፍል የሚባለው፥ ከጥንት ዛፍ ሙጫ ደርቆ በቀረው ብጫ ዕንቍ ግድግዳው የተለበጠ፥ ጀርመኖች ከሌኒንግራድ አጠገብ ካለው ቤተ መንግሥት ዘርፈው ወደ ኬኒግስበርግ ያመጡት ድንቅ ሥራ ነው። ከ1945 ወዲህ የገባበት አልታወቀም። መርማሪዎች በየጊዜው እየመጡ ጠየቁት፤ የረባ መልስ ግን አልሰጠም። ለእኔ ግን ምስጢር ነበረው ከማለት ይልቅ፥ ምስጢር ያለው መስሎ መታየቱ እንዲጠቅመው ዐውቆ ነበር ማለቱ የተሻለ ይመስለኛል።

ኬኒግስበርግ በ1946 ካሊኒንግራድ ተባለች። የምሥራቅ ፕሩሲያ ሰሜኑ ለሶቪየት ኅብረት፥ ደቡቡ ለፖላንድ ሆነ፤ ጀርመኖቹም ወጡ። በዚያ በደቡቡ ክፍል፥ በኮኽ ዘመን ቫርተንቡርግ ትባል የነበረች ትንሽ ከተማ አለች፤ ዛሬ ስሟ ባርቼቮ ነው። ፖላንዶች ኮኽን ያሰሩት በዚያች ከተማ ወኅኒ ቤት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋውላይተር በነበረበት በራሱ አገር፥ የራሱን ዘመን ስሞች ማንም በማይጠራበት ቦታ ታስሮ ኖረ። ኅዳር 12 ቀን 1986 በዘጠና ዓመቱ እዚያው ሞተ።